ግራኟ

በኅዳር ኦስተንድ ባሕር እንጂ ሰው የላት፤
የበጋው ጫጫታ ቀለም እንዳልቀባት
አይስክሬም ሻጩ በሩን በጣውላ መትቶ፣
አሸዋው ብቻ ነው በየደጁ ገብቶ
እንግዳ የሆነው።

እኔ ጠጋኝ ነኝ። በዊልፍሪድ ጨዋታ ቤት፣
ዕድሜ የጠገቡ ሣጥኖች በሚያቃስቱበት፣
ማክሰኞ ማክሰኞ መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ፤
አንዱን ግን፣ ያን የጥጉን፣ ምነው ባላየሁት እላለሁ።
ግንባሩ ላይ «የዝነኞች ፍልሚያ» የሚል ጽሑፍ፣
ጎኑ ላይ የሲጋራ ጠባሳ በሰልፍ።

ስምንት ዝነኛ ጠርቶ፣ ለስምንቱ አንድ ጡጫ፣
ለስምንቱ አንድ ዝላይ፣ ለስምንቱ አንድ ርግጫ።
ብስክሌተኛው እግረኛ ነው፤ ብስክሌቱን ሣጥኑ ጎን ላይ ስለው እዚያው ትተውት፤
ዘፋኙ ሲመታ በምግብ አብሳዩ ድምፅ ያቃስታል፣
አንዱን ጉሮሮ ለሁለት አካፍለውት።
ከኋላ ተመልካች ተብለው የተሳሉት
አራት ሰዎች ናቸው አሥር ጊዜ የተደገሙት፤
የሚያጨበጭቡትም ማንም ሳይመታ በፊት።
ሰዓቱ ከዘጠና ዘጠኝ ሲወርድ ሰባ ሦስትን ይዘላል፤
ሰባ ሦስት ምን እንዳጠፋ እሱ ያውቃል።
ቁልፉን ትጫናለህ፤ እጁ የሚሰነዝረው
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ «ነገ ተመለስ» ብሎ ነው።
የመጨረሻውን ጠላት፣ ያንን የቴሌቪዥን ጣቢያ ጌታ፣
በጀግንነት የጣለው የለም፤
ጥግ ይዘህ፣ ቁጢጥ ብለህ፣ ቁርጭምጭሚቱን ስትመታ፣ ስትመታ፣
ጎንበስ ማለት ያልተማረ ነውና ቆሞ ይሞታል።
ሽልማትህ አንዲት የደስታ ቃል፤
እሷም የመጨረሻ ፊደሏ ከማሳያው ጠርዝ ውጭ ቀርታለች።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት ገባች፤ የዝናብ ካፖርት፣
የገበያ ዘንቢል፣ ከዘንቢሉ አንገቱን ያሰገገ ባሮ ሽንኩርት።
ሳንቲም ዘረዘረች። ስምንቱን ፊት በዓይኗ ሳትዞራቸው
አራተኛዋን መረጠች፤ ቀይ ኮት የለበሰችውን፣
ድሮ በማታ ዜና መጨረሻ ዝናብና ፀሐይ ታድል የነበረችውን፣
ሆደሊቭን።
(በእኔ ጆሮ «ሆዴ» ብሎ የሚጀምር ስም።)
ያኔ ነው ከማሳያው ዓይኔን አንሥቼ ፊቷን ያየሁት፤
ጥቁር ነጥብ፣ በቀኝ ጉንጯ።
ማሳያውም ላይ እዚያው።

«ግራኝ ነኝ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለሣጥኑ እንጃ፤
«ፎቶ ሊያነሡኝ የመጡ ጊዜ ነግሬያቸው ነበር። ሳቅ አሉና ዝም።
ይኸው ሠላሳ ዓመት በቀኝ እጄ እማታለሁ።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ሥዕሉ አንድ ብቻ ነው፤
ዞር ያለ ሰው እንደ መስታወት ይገለበጣል፤
ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ።
ልነግራት ስል ቀደመችኝ፤
ብስክሌተኛው በላይዋ እንዲዘል ለቀቀችው፣
ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ተገልብጣ ቆመች፤
ግራ እጇን ሰነዘረች።
ሳቀች። ወዲያውም ዝም አለች፤
ነጥቧ ጉንጭ ለውጧል።
እጇ ሲቃና መልኳ ተሳሳተ፤
መልኳ ሲቃና እጇ ከዳት።
እሷን ራሷን የምታክል አንዲት ቅጽበት
በዚያ ሣጥን ውስጥ አልተሠራችም።

ተሸነፈች። ለሥዕል ቡጢ ትከሻዋን ሰበቀች።
«እሱ ሞቷል፣ ታውቃለህ» አለች፣ ብስክሌተኛው እጁን ሲያነሣ፤
«ቀብሩ ላይ ነበርኩ። እዚህ ግን ምን አለበት፣
አሥር ተቆጥሮለት፣ አቧራውን አራግፎ ሊነሣ።»

«ይጠገናል?»
ቁልፉ፣ አልኳት። ቁልፉ ብቻ።
ዊልፍሪድ በኪሎ ሊሸጠው እንዳሰበ አልነገርኳትም።

ዘንቢሏን በግራዋ አነሣች። በሩ ላይ ቆማ
የባሕሩን ሰማይ በዓይኗ ለካች፤
«እስከ አሥር ሰዓት ያባራል» ብላኝ ወጣች።

አላባራም።